ከደቻቱ ወደ ላይ፦ ድሬዳዋን ስንጽፍ የምንዘለው ተራራ

የደቻቱን ድልድይ በተሻገርኩ ቁጥር ቁልቁል አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማየው አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አህያ ጭነቱን ይዞ ይሻገረዋል። ወንዝ ይባላል እንጂ ውሃ የሚያየው በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ከወዲህ ከዚራ ቀጥ ባሉ መንገዶቿና በዛፎቿ፣ ከወዲያ መጋላ ቀፊራ ገበያዋን ይዛ። ስለ ድሬዳዋ የምንጽፍ ሰዎችም እንዲሁ ነን፤ ግራና ቀኙን እናያለን፣ አሸዋው ወደመጣበት ተራራ ግን ቀና አንልም።

ሂሱን ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት ስለ ድሬ አንድ መጣጥፍ ጽፌ ነበር። የባቡሩ ጩኸት አለ፣ የከዚራ ጥላ አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ በየመስመሩ «አቦ» አለ። አንባቢ ወደደልኝ። አሁን ሳነበው አፍራለሁ። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከሰማይ ዱብ ያለች አስመስያታለሁ። ከዚያ በፊት ምን ነበር? ባዶ ሜዳ። እንዲህ ነው የጻፍኩት፤ ማንም «ተሳስተሃል» አላለኝም፤ ሁላችንም እንደዚያው ነበር የምንጽፈው።

የሚገርመው የባቡሩ ታሪክ ራሱ ተራራ ላይ መጀመሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆነ። ሐዲዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፣ በግርጌውም ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። ድሬ እዚህ የተቀመጠችው እንግዲህ ተራራው «አላሳልፍም» ስላለ ነው። ይህን የሚያነሳ ጽሑፍ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጠውና ወደ ለገሃር ይሮጣል።

እስቲ እኛ አንሩጥ። ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ተራራው ሲወጣ ሐርላ አለች። ትንሽ የገበሬ መንደር ናት። ከአፈሯ ሥር ግን ከተማ አለ። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ቆፍሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ አደረገ። 12ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራ መስጊድ ተገኘ። ከየመን፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የተመቱ የነሐስና የብር ሳንቲሞች ተገኙ። እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ የጌጥ ሠሪዎቹ ሥራ ነው። ብር፣ ነሐስ፣ የከበረ ድንጋይና የብርጭቆ ዶቃ እዚያው ይሠራ ነበር። የሩቅ አገር ሰው ሸቀጡን ይዞ የሚወጣበት፣ የዚህ አገር እጅ ደግሞ ጌጥ የሚያወጣበት ተራራ ነበረ ማለት ነው። «ድሬ የብዙ ሕዝብ ከተማ የሆነችው በባቡሩ ነው» ብለን የምንኮራበትን ነገር ሐርላ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ታውቀው ነበር።

ወሬው ዓለምን ሲዞር ግን ምን ተብሎ ዞረ? የግዙፎች ከተማ! በአካባቢው የቆየ ተረት አለ፦ እነዚያን ትልልቅ ድንጋዮች የተሸከሙት ግዙፍ ሰዎች ናቸው ይባላል። ዜናው ተረቱን አርዕስት አደረገው፤ ከሥር ደግሞ በመቃብር የተገኘው አጥንት የተራ ሰው ቁመት መሆኑን ነግሮ ተረቱን አፈረሰው። እኛም ተቀብለን በአማርኛ አባዛነው።

ከዚህ አጻጻፍ ጋር ሁለት ጠብ አለኝ። አንደኛ፣ ተረቱን እንደ ሞኝነት ይቆጥረዋል። ለእኔ ተረቱ የመንደሩ ሰው ጥያቄ ነው፤ «ይህን ድንጋይ ማን አነሳው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ታሪክ ጀምሯል። ሁለተኛ፣ «የጠፋች ከተማ ተገኘች» ይላል። ከማን ነው የጠፋችው? ገበሬዎቹ ገልና የውጭ አገር ሳንቲም ከአፈሩ ሲያገኙ ዓመታት ሆኗቸዋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ይህን ሳወራለት ሳቀብኝና «አቦ፣ እነሱ ሳያውቁት ጠፋ፤ ሲያውቁት ተገኘ?» አለኝ። እኔ በሦስት ገጽ የማልጨርሰውን ሂስ እሱ መሪ እንደጨበጠ ጨረሰው።

እውነቱን ለመናገር ሐርላን ያጣናት እኛ ታች ያለነው ነን። ዛሬም ከተማው መሃል ሆኜ «ሐርላን አይታችኋል?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ ሰው ስሙን እንጂ መንገዱን አያውቀውም።

ከሐርላም በፊት ነገር አለ። ከድሬ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ቴያር ደ ሻርዳን እና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ናቸው ለምርምር ያስተዋወቁት። ከወለሉ ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ቁራጮች ወጥተዋል፤ የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰው ፈጭቶ ቀለም ያደርገው ነበር። ዋሻው 140 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚያየው ማንን መሰላችሁ? ደቻቱን።

ይህ ሁሉ የጽሑፍ አቀማመር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቆጣሁ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ግን፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ተራራው ላይ የዘነበው በደቻቱ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። በነጋታው ዳር ላይ ቆሜ የማውቀውን ቤት ስፈልግ ያገኘሁት ደፉን ብቻ ነበር። አሸዋው ላይና ዳሩ ላይ ቤት የሠራው ሰው ደሃ ስለሆነ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። እኛ ጸሐፊዎቹ ግን ደቻቱን በከዚራና በመጋላ መካከል ያለ ድንበር አድርገን ነበር የምንተርከው። ከየት እንደሚመጣ አልጻፍንም። ከላይ ያለው ተዳፋት ዛፉ ሲራቆት ምን እንደሚያወርድብን አልጻፍንም። የእኛ መጣጥፍ ጎርፍ አያቆምም። ግን ወንዙን ከነተራራው የሚያውቅ ከተማና ድንበር ብቻ አድርጎ የሚያውቅ ከተማ አንድ ዓይነት ፍርሃት አይፈሩም።

የድሬን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ባቡሩን አትተው፤ እሱም የእኛ ነው። ግን ከለገሃር አትጀምር። አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ የደቻቱን አሸዋ ይዘህ ወደ ላይ ሂድ። እኔም ያቺን የድሮ መጣጥፌን እንደገና ልጽፋት አስቤያለሁ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዶቃ የሚበሳ ሰው ነው፣ ሐርላ ላይ ተቀምጦ።