ስድስት ሰከንድ ቆቦ

ነሐሴ 2011 ላይ ከሁለት የግቢ ጓደኞቼ ጋር በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ከአዲስ አበባ አሸንጌ ሐይቅ ድረስ ሄደን ተመልሰናል። አምስት ቀን ፈጀብን። ቪዲዮውን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ ከሦስታችን ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ የሚውል እኔ ስለነበርኩ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። 11 ደቂቃ ከምናምን ወጣው። ጣርማበር ላይ ጉሙና ጭላዳዎቹ አሉ። ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። ግራካሱን ስንወጣ ጠመዝማዛው አንድ በአንድ አለ፣ ሙዚቃ ገብቶለት። መጨረሻው አሸንጌ ነው፤ ውሃው፣ ደመናው፣ ዳር ላይ የቆምነው እኛ።

ቆቦ የአባቴ አገር ነው። ከአምስቱ ቀን ሁለቱን ሌሊት ያደርነው እዚያ አክስቴ ቤት ነው። ፍየል ታርዶልናል። አክስቴ ቪዲዮውን ያየችው በዓመቱ ለሕክምና አዲስ አበባ ስትመጣ፣ ስልኬ ላይ ነው። ዝም ብላ አይታ ጨረሰችና፣

«የኛስ ቤት?» አለች።

«አለ እኮ፣ አላየሽውም?» ብዬ ወደ ኋላ መለስኩት። ቆጠርኩት። ስድስት ሰከንድ። በመኪናው መስታወት የሚታይ ቀጥ ያለ አስፋልት፣ አንድ ባጃጅ፣ ከዚያ አላማጣ።

«ይኼማ መንገዱ ነው» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ መንገድ የተጻፈና የተቀረፀ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ቆቦ ስንት ሰከንድ፣ ስንት መስመር እንደተሰጠው መቁጠር አመል ሆኖብኛል። የማወራው ስለ ራያ ቆላ ሜዳ ነው፤ ከወልድያ ወጥታችሁ አላውሃን ስትሻገሩ የሚጀምረው፣ ጎብዬን፣ ሮቢትን (የሸዋው አይደለም፣ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ሮቢት አለ)፣ ቆቦን፣ ዋጃን አልፎ አላማጣ ላይ ተራራ ሥር የሚያልቀው። ራያ የማን ነው የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው፦ ለምንድን ነው ማንም የማያየው?

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። በእኛ ሥራ የመንገድ ካርታ ማለት ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው። ነጥብ ስም አለው። መስመር ያለው ክብደት ነው፦ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ደቂቃ። ፕሮግራሙ ቀን ከሌት የሚለፋው ያንን ክብደት ለመቀነስ ነው። የሰሜኑ መንገድ ጉዞዎች ሲጻፉም ሲቀረፁም አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚሁ ሎጂክ ነው። ሐይቅ ነጥብ ነው። ላሊበላ ነጥብ ነው። አሸንጌ ነጥብ ነው። መሃል ላይ ያለው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ መስመር ነው፣ ቶሎ ቢያልቅ የሚመረጥ።

ነገሩ የተጀመረው በእኛ ትውልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 የኢጣሊያ የቱሪስት ማኅበር ሚላን ላይ ስለ «ኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ» አንድ ወፍራም የጉዞ መምሪያ አሳትሟል። አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ የሚያገናኘውን መንገድ ራሳቸው ኢጣሊያኖቹ «የድል መንገድ» ብለውት ነበር። አስቡት፤ ከማይጨው ጦርነት በኋላ፣ መጋቢት 1928 መጨረሻ ላይ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ የነበረው የኢትዮጵያ ጦር አሸንጌ ዳርቻ ላይ ከአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወርዶበታል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በደንብ ሳይሆን፣ ገና ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ ያው አገር የመኪና ሽርሽር መምሪያ ተጻፈለት። እኔ የቪዲዮዬን መጨረሻ አሸንጌ ላይ ሳደርግ ይህን አላውቅም ነበር። ዳር ቆመን የተነሳነውን ፎቶ ዛሬ ሳየው ትንሽ ያሳፍረኛል፤ ግን ሐይቁም ያምራል፣ ሁለቱም እውነት ነው።

በ1950ዎቹ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መጣ። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት ይባላል፣ ይገባዋልም። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር የእሱ ነው፤ እስከ 2008 ድረስ አገልግሎ ነው በ«ምድረ ቀደምት» የተተካው። የታሪክ መስመር የሚባለውን፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን አያይዞ ለዓለም የሸጠውም እሱ ነው። ብልህ ሥራ ነበር፣ መንገድ በሌለበት አገር። ግን ያ መስመር የተሠራው ለአውሮፕላን ነው። ጎብኚው ከአንዱ ነጥብ ተነስቶ ሌላው ላይ ያርፋል። በመሃሉ ያለው አገር ከላይ የሚታይ ቡናማ ቀለም ነው። ዛሬ መኪና ይዘን የምንሄደው ልጆች እንኳን ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ካርታ የአውሮፕላኑ ነው።

ሜዳው የታየበት ጊዜ የለም ወይ? አለ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ1965 የወሎ ረሃብ ሲበረታ ገበሬው ቀዬውን ለቆ ወጣና እዚሁ አስፋልት ዳር ተሰለፈ፣ መኪና እያስቆመ እህል ለመነ። እንደገና አንብቡት። ያ ሁሉ ሰው ለመታየት ሲል ወደ መስመሩ መጣ፤ በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ሳያየው አላለፈም፤ አገሩ በይፋ ያየው ግን ቆይቶ ነው። ጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚለውን ፊልሙን ለንደን ላይ አሳየ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቆራርጦ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ስለ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ኃይል ማውራት የሚፈልግ ሰው ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ደግሞ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረፁት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። በዓለም ዙሪያ ከ400 በላይ ጣቢያዎች አስተላለፉት፤ እርዳታው፣ ኮንሰርቱ፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ መጣ። ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ እዚህ ተቀምጬ በካሜራ አያያዙ ልፈላሰፍበት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኮረም ከአሸንጌ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ከሐይቁ ዳር የቀረፅኩትና አሚን ከመጠለያው የቀረፀው አንድ አካባቢ ነው ማለት ነው። በእኔ ውስጥ ረሃብ የለም፣ በእሱ ውስጥ ሐይቅ የለም። ለዚህ አካባቢ ካሜራ ያለው ሁለት ሞድ ነው፦ ወይ ገነት ወይ ሲኦል። በሁለቱ መሃል ሰው እንዴት ዘርቶ እንደሚበላ የሚያሳይ ሞድ የለውም።

እሱ ያለው ደግሞ ሜዳው ላይ ነው።

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በኩል የላስታ ተራሮች ግድግዳ፣ በምሥራቅ ዞብል፣ ከዞብል ማዶ አፋር አለው። ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ጎድጓዳ ሜዳ ነው፤ አፈሩን ጎርፍ በሺዎች ዓመታት ከተራራው እያወረደ የሞላው። ዝናቡ ራሱ እምነት አይጣልበትም። ስለዚህ ገበሬው የራሱን ሰማይ ብቻ አያይም፤ የተራራውን ሰማይ ያያል። ቆቦ ላይ ጠብ ሳይል ምዕራቡ ከጠቆረ ጎርፍ ሊመጣ ነው ማለት ነው። ጎሊና፣ ሆርማት፣ ጎቡ፤ አብዛኛውን ዓመት በድልድይ ስታልፉባቸው አሸዋና ድንጋይ የሚመስሏችሁ ወንዞች በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞላሉ። ገበሬው በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ አጥር ሠርቶ ያንን ጎርፍ ይጠልፈዋል፤ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ማሳ። ውሃውም ይመጣል፣ ለም ደለልም ይመጣል። ጎርፉ ከበረታ አጥሩን ይዞት ይሄዳል፣ አንዳንዴ ማሳውንም። በማግስቱ እንደገና ይሠራል።

እንግዲህ ከግራካሱ ላይ ሆነን «ዋው» ያልንለት ተራራ ሥራ አለው። ከላይ ስታዩት ቪው ነው፤ ከታች ስታዩት የውሃ ጋን ነው። የተራራውን ውበት በግማሽ የማይተረጉም የጉዞ ጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁም።

ማሽላውም እንዲሁ። ደገላት የሚባለው የአገሬው ማሽላ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ ሚያዝያ አካባቢ ይዘራል። የበልጉ ዝናብ ከቀረ ገበሬው እሱን ትቶ ቶሎ ወደሚደርስ ዘር ይዞራል፤ ወይ ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራል። ማለትም አስፋልቱ ዳር በነሐሴ የምታዩት አረንጓዴ፣ ማሽላ ይሁን ጤፍ፣ የዚያን ዓመት ዝናብ ታሪክ ይነግራችኋል፣ ማንበብ ከቻላችሁ። እኔ በመስኮት እያየሁት አላነበብኩትም። ሲሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ለደረቅ አካባቢ የሚሆኑ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል፤ በታፔላው አጠገብ በ80 አለፍን፣ ጓደኛዬ ዘፈን እየቀየረ ነበር።

የዱር እንስሳ ላላችሁኝ ደግሞ፦ የቆቦ አውሬ ግሪሳ ወፍ ነው። ማሽላው ሲያሸት እንደ ደመና ይወርዳል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ከንጋት እስከ ማታ በወንጭፍና በጩኸት ያባርሩታል። ጭላዳ ያየነው ለፎቶ ቆመን ነው፤ ግሪሳን የሚያየው ግን እንጀራው የተያዘበት ሰው ነው። ሁለተኛው እይታ የበለጠ ስል ይመስለኛል።

ዴርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት በ1959 ገደማ ከበቅሎዋ ጋር ሰሜን ኢትዮጵያን በእግሯ አቋርጣ መጽሐፍ ጽፋለች፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል። ከብዙዎቹ የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ችሎታ ብቻ አይደለም። በእግሩ የሚሄድ ሰው መስመሩን መቁረጥ አይችልም። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እግሩ ላይ ቁስል ሆኖ ይመዘገባል፣ ያሳደረው ቤት ሁሉ ስም ይኖረዋል።

ይኼን ሁሉ አሁን ለምን ታነሳለህ ብትሉኝ፣ መንገዱ እንደ ድሮው ስላልሆነ ነው። ቆቦ ሐምሌ 2013 እና ነሐሴ 2014 ላይ ጦርነቱ ሁለት ጊዜ አልፎባታል፤ እዚያ ስለተገደሉት ሰላማዊ ሰዎች አምነስቲ ኢንተርናሽናል የካቲት 2014 ሪፖርት አውጥቷል። ከዚያ በ2015 መጨረሻ የክልሉ ግጭት መጣ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ዲሲ ያለ ልጅ ያንን አገር የሚያየው ከዚያ በፊት በተቀረፁ የጉዞ ቪዲዮዎች ነው። ማለትም የእኔ ዓይነቶቹ 11 ደቂቃዎች ሳናስበው ባክአፕ ሆነዋል። በባክአፕ ደግሞ ትልቁ ችግር መጥፋት አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ያልተቀመጠ ነገር ሲጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን ከፈትኩ። ያልተቆረጠው ጥሬ ቅጂ አሁንም አለ። ከቆቦ የመጀመሪያው ማታ 38 ደቂቃ የሚሆን አንድ ፋይል አለ፤ ያኔ «ጨለማ ነው» ብዬ የጣልኩት። ትዝ ይለኛል፤ ሁለተኛውን ቡና እየጠጣን ሳለ ምዕራቡ ጠቁሮ ነበር፣ የአክስቴ ባል ጆሮውን ቀስሮ ቆየና ስኒውን አስቀምጦ አካፋውን አነሳ። ተከትለነው ወጣን። ቪዲዮው ላይ የሚታየው አልፎ አልፎ የባትሪ ብርሃንና የሰው እግር ነው። የሚሰማው ግን ሁሉም ነው፦ መጀመሪያ የነፋስ የሚመስለው፣ ከዚያ ድንጋይ የሚያንከባልለው ድምፅ፣ ከዚያ ሰዎች ሲጠራሩ። «ከላይ ያዘው! ከላይ!» የሚለው የአክስቴ ባል ነው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እኛን፣ «እናንተ ልጆች፣ ከዳሩ ራቁ» ይለናል። የእኔ ድምፅም አለ፤ «ምንም አይታይም፣ ላጥፋው?» እያለ።

እሱ ባለፈው ዓመት አርፏል፣ በሕመም። ለአክስቴ ስደውል ስለ ፋይሉ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ያንን ጨለማውን ላክልኝ» አለች።

ፋይሉ ከአራት ጊጋ በላይ ነው። እነሱ ጋ ያለው ኔትወርክ ያንን አይሸከምም። ምስሉን አውጥቼ ድምፁን ብቻ አስቀረሁት፣ አሁንም ከበዳት። የሞከርኩት አሥር ደቂቃው ብቻ ነው የሚያልፈው። ቅዳሜን ሙሉ ፋይሉ ፊት ተቀምጬ ዋልኩ። የትኛውን 28 ደቂቃ እንደምቆርጥ አላወቅኩም።