«ማሳ»ን «መሬት» ማለት፦ በኦሲሎስኮፕ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ በሞገድ ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ለብዙ ዘመን ከቤተ ሙከራ ሳይወጣ የኖረው ይህ መሣሪያ ዛሬ ዋጋውም መጠኑም ቀንሶ ከመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የዕቃ ሣጥን ገብቷል። ስለሆነም ለጀማሪ የትኛው ዓይነት እንደሚበጅ የሚመክር ጽሑፍ በአማርኛ መፈለጉ አይቀርም። እዚህ ላይ የምንመረምረው ይህንኑ ምክር ለመጻፍ ተርጓሚው የሚመርጣቸውን ስያሜዎች ነው። አቋማችን ባጭሩ እንዲህ ይገለጻል፦ የአንድ ሙያዊ ቃል ብቃት የሚለካው ከግእዝ በመውጣቱ ወይም ከባዕድ በመወሰዱ ሳይሆን፣ ባለሙያው በእጁ መለየት የሚገባውን ነገር በመለየቱ ነው።

አስቀድመን አንባቢውን እንወስን። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ መንገድ ላይ፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል፣ ውርጌሳ ትገኛለች። እንዲህ ባለች የመንገድ ዳር ከተማ ሥራ የጀመረ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባጃጁንም፣ ሚኒባሱንም፣ አይሱዙውንም በአንድ ቴስተር ይመረምራል እንበል። ቴስተሩ የሚሰጠው አኃዝ አማካይ ስለሆነ፣ ከዲናሞው ዳዮዶች አንዱ ቢበላሽ እንኳ 13 ቮልት ተኩል አካባቢ አሳይቶ «ደኅና ነው» ሊያሰኝ ይችላል፤ ኦሲሎስኮፑ ግን ከሞገዱ ላይ የጎደለውን ጉብታ ይገልጠዋል። ይህ ሰው መሣሪያውን ከሩቅ ከተማ ያስመጣል፤ የማይሆነውን ቢገዛ ወይም የገዛውን ቢያቃጥል በማግስቱ መለወጥ አይቀልለትም። አማካሪው በእጁ የያዘው ጽሑፍ ብቻ ነው። ከውርጌሳ ብዙ የማትርቀው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ስሟን የሰጠችው ውል፣ 17ኛው አንቀጹ በአማርኛው ፈቃድ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ በመገኘቱ ያስከተለውን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች መዘርዘር አያስፈልግም። የጋራዡ ጉዳይ ከዚያ ጋር በክብደት አይመዛዘንም፤ የስሕተቱ ጠባይ ግን አንድ ነው።

፩. ማሳና መሬት

ተርጓሚዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የጋራዥ አማርኛ ካንዴላን፣ ፍሪሲዮንን፣ ፍሬቻንና ቦቢናን ከጣልያንኛ እንደ ወሰደ ሁሉ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ የሚታሰርበትን የመኪና ብረት አካልም «ማሳ» ብሎታል። በአማርኛ ደግሞ ማሳ የሚታረስ ቁራጭ መሬት ነው። የሁለቱ ቃላት ድምፅ መግጠሙ የአጋጣሚ ጉዳይ ቢሆንም፣ «ማሳ» የተባለው የሽቦ መመለሻ «መሬት» የሚለው ሐሳብ ሰፈርኛ አጠራር ብቻ እንዲመስል አድርጎታል። እንግሊዝኛውም ለሁለቱ አንድ ቃል ስለሚጠቀም፣ ተርጓሚው «ማሳ»ን ሰርዞ «መሬት» ሲጽፍ ያረመ ይመስለዋል።

ያረመው ግን ምንም የለም፤ ይልቁንም ሁለት ነገር አንድ አድርጓል። መኪና በጎማ ላይ የቆመ ስለሆነ ማሳው ከምድር ጋር አልተያያዘም። ከግድግዳ ሶኬት ኃይል የሚወስድ የጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ ግን ጥቁር መቆንጠጫው በሶኬቱ በኩል በእርግጥ ከምድር ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህም በላይ፣ በተለመደው ባለ ሁለት ቻናል መሣሪያ ሁለቱ ጥቁር መቆንጠጫዎች ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው። ጀማሪው አንዱን ከማሳ፣ ሁለተኛውን ከባትሪው ፖዘቲቭ ቢያስር፣ ባትሪው በዚያ ቀጭን ገመድ ላይ ሾርት ያደርጋል፤ ገመዱ ይነዳል፣ መሣሪያውም ይበላሻል። «ሁለቱንም መሬት በፈለግህበት እሰር» የሚል ትርጉም ያነበበ ሰው ይህን ቢያደርግ ልንወቅሰው አንችልም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይዟል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ መንኰራኵሩን የሚያዞረው ባትሪ በብዙ መቶ ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ ኔጌቲቩ ሆን ተብሎ ከመኪናው አካል የተነጠለ ነው። እንግዲህ ምድር፣ የመኪናው አካልና የከፍተኛ ቮልቴጁ ኔጌቲቭ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ። ሦስቱንም «መሬት» የሚል ጽሑፍ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህም «ለጀማሪ የሚሆን ኦሲሎስኮፕ በዚህ ክፍል ላይ ፈጽሞ አይያያዝም» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሦስት ስም ይፈልጋል።

፪. አሥር ጊዜ

በመመርመሪያ ገመዱ ላይ የማባዣ ምልክትና 10 ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ምልክቱን እንዳለ የተረጐመ ሰው «አሥር ጊዜ የሚያጐላ» ይላል። ትክክሉ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ገመዱ ቮልቴጁን ለአሥር ከፍሎ ያስገባል፣ ንባቡን መልሶ በአሥር የሚያባዛው መሣሪያው ነው። መሣሪያው ይህን እንዲያደርግ ካልታዘዘ የ12 ቮልት ባትሪ 1.2 ቮልት ሆኖ ይታያል።

ጉዳቱ በንባብ ብቻ አያበቃም። የቦቢናው ቀዳማዊ ጥቅል በሚቋረጥበት ቅጽበት 300 እና 400 ቮልት የሚደርስ ቮልቴጅ ይወረውራል። «የሚያጐላ» የተባለውን ገመድ ፈርቶ ተራውን የመረጠ ጀማሪ፣ ጥንቃቄ ያደረገ መስሎት መሣሪያውን ያቃጥላል። ከተማሪ ቤት ሒሳብ «አካፋይ» የሚል የታወቀ ቃል እያለን «አባዢ» የምንልበት ምክንያት አይታየንም። «በአሥር አካፋይ» ቢባል ገመዱ የሚሠራውን ሥራ ይናገራል። ለካንዴላው መስመር በአሥር አካፋዩም እንደማይበቃና በሽፋኑ ላይ የሚቆነጠጥ ልዩ መመርመሪያ እንደሚያስፈልግ ማከል ይገባል፤ በዚያ የሚያልፈው በሺሕ የሚቈጠር ቮልት ነው።

፫. ስፋት ወይስ ጣሪያ

ሻጮች አብዝተው የሚያሞግሱት አኃዝ በቃል በቃል ትርጉም «የሞገድ ስፋት» እየተባለ ሲጻፍ አንባቢው የመስተዋቱን ወርድ ወይም የኢንተርኔትን ፍጥነት ያስባል። በኦሲሎስኮፕ ረገድ አኃዙ የሚያመለክተው ወሰንን ነው፤ ይኸውም መሣሪያው የሚያሳየው የሞገድ ቁመት ከእውነተኛው ወደ 70 በመቶ ገደማ የሚወርድበትን ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ «የድግግሞሽ ጣሪያ» የሚለውን እንመርጣለን። ጣሪያ መባሉ ለምርጫም ይረዳል። በመኪና ውስጥ ጀማሪው የሚያገኛቸው አብዛኞቹ ምልክቶች ዝግ ያሉ ናቸው፤ ኮምፒዩተሮቹ የሚነጋገሩበት መስመር እንኳ በተለመደው አሠራር በሰኮንድ 500 ሺሕ ቢት ነው። ለዚህ 10 ወይም 20 ሜጋኸርዝ ጣሪያ ይበቃል። ገንዘብ ያለው ሰው ትርፉን ለሁለተኛ ቻናል፣ ለበቂ ማኅደረ ትውስታና ለጥሩ አካፋይ ገመድ ቢያውለው ይሻለዋል። «ስፋት» የተባለለት ገዢ ግን ሰፊው ይበልጣል ብሎ 200 ሜጋኸርዝ ይገዛል።

«የናሙና ፍጥነት» የተባለው ስያሜ ተስማሚ ነው። በብዙ ርካሽ መሣሪያዎች የሚጻፈው አኃዝ አንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ መሆኑን፣ ሁለቱ ሲከፈቱ እንደሚከፋፈል መግለጽ ብቻ ይቀራል።

፬. ቃታና ማስነሻ

ሞገዱ ከምን ነጥብ ጀምሮ እንደሚሣል የሚወስነውን ክፍል በመዝገበ ቃላት የተመራ ተርጓሚ «ቃታ» ይለዋል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ቃታን የሚስበው ጣት ሲሆን፣ እዚህ ሥዕሉን የሚያስጀምረው የሚለካው ቮልቴጅ ራሱ ነው። «ማስነሻ» እንዳንል ጋራዡ ቃሉን ሞተር ለማስነሣት ይዞታል። «ማስጀመሪያ» ከሁለቱም አደናጋሪነት ነጻ ነው።

፭. የጋራዡ ቃል ወሰን

ከዚህ በላይ የጻፍነው የጋራዥ ቃል ሁልጊዜ ይቅደም ለማለት አይደለም። «ኮረንቲ» የሚለው ቃል በሕዝብ አፍ ቮልቴጁንም፣ የሚፈስሰውን ኤሌክትሪክም፣ ኃይሉንም በአንድነት ይሸፍናል። ኦሲሎስኮፕ ግን በራሱ የሚለካው ቮልቴጅን ብቻ ነው፤ የሚፈስሰውን ኮረንቲ ለማየት ሽቦውን ዙሪያውን የሚጨብጥ ተጨማሪ መለኪያ መግዛት ያሻል። «ኮረንቲ ይለካል» የተባለ ጀማሪ ይህን ሳያውቅ ይገዛል። «ማሳ»ን በጠበቅንበት መመዘኛ «ኮረንቲ»ን እናጠብበዋለን፤ መመዘኛው ልዩነትን መጠበቁ ነውና።

በዚህ መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ይቅረቡ እንላለን።

ማሳ፦ የመኪናው ብረት አካል እንደ መመለሻ ሽቦ ሲያገለግል።
መሬት፦ ከምድር ጋር በእርግጥ የተያያዘ መስመር ብቻ።
የከፍተኛ ቮልቴጅ ኔጌቲቭ፦ ከማሳ የተነጠለ፤ ሳያሳጥሩ በሙሉ የሚጻፍ።
የመነጻጸሪያ መቆንጠጫ፦ የመመርመሪያ ገመዱ ጥቁር መያዣ።
በአሥር አካፋይ፦ ቮልቴጅን ለአሥር ከፍሎ የሚያስገባ ገመድ።
የድግግሞሽ ጣሪያ፦ የሞገድ ቁመት ወደ 70 በመቶ የሚወርድበት ወሰን።
ማስጀመሪያ፦ የሥዕሉን መነሻ የሚወስን ክፍል።
ኮረንቲ፦ በሽቦ ውስጥ የሚፈስሰው ብቻ፤ ለግፊቱ ቮልቴጅ።

«ኦሲሎስኮፕ» የሚለውን ስም ራሱን እንዳለ ትተነዋል። «ሞገድ ማያ» ማለት ይቻል ነበር፤ ሆኖም ገዢው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው በዚያው ስም ስለሆነ፣ አዲስ ስም መስጠቱ ከሚያስተምረው ይልቅ የሚያጠፋው መንገድ ይበልጣል። ስያሜዎቹ በጽሑፍ ከመጽናታቸው በፊት በመርሳና በወልድያ ጋራዦች ለባለሙያዎች ተነበው፣ የሰሙት ሰዎች መቆንጠጫውን የት እንደሚያስሩ ቢታይ የተሻለ ፍርድ ይገኛል ብለን እናምናለን።