ሜርሎ በኮካ

ባለፈው ጥር ደብረ ታቦር ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ከጠላውና ከአረቄው ሌላ የባቱ (የቀድሞዋ ዝዋይ) ሜርሎ ቀርቧል። አስተናጋጁ «ደረቅ ቀይ ወይን ነው» ሲል፣ ከፋርታ ገጠር የመጡት የሙሽራው አጎት «ደረቅ? መጠጥም ይደርቃል እንዴ?» አሉና ግማሽ ብርጭቆ አስቀድተው ኮካ ሞሉበት።

ይሄኔ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ «ኧረ አባባ፣ ሜርሎ አይደባለቅም! ነውር ነው!» ብሎ ሳቀ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። መቼም አልዋሽም፣ እኔም ሳቅሁ። ሽማግሌው ብርጭቆውን ገፋ አድርገው እስኪመሽ ውሃ ሲጠጡ ቆዩ።

እንግዲህ ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው የሰማውን ዓረፍተ ነገር ሳይመረምር አያልፍም። «ሜርሎ አይደባለቅም» ያለው ማን ነው? የሜርሎ አገሩ ቦርዶ ነው። እዚያ ከቀይ ወይን ዘሮች ሁሉ በብዛት የሚተከለው እሱ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠጣው ግን ከካበርኔ ሶቪኞን ወይም ከካበርኔ ፍራንክ ጋር ተደባልቆ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን ምላስ ይሰበስባል፤ ሜርሎ ያለዝበዋል። የደብረ ታቦር ጠላ ጠማቂም ብቅሉንና ጌሾውን የምታመዛዝነው ለዚሁ አይደል? ፈረንሳዊው ካስቴል ባቱ ላይ ሜርሎን የተከለው ከካበርኔ ሶቪኞንና ከሲራ ጋር ነው፤ ወይኑም ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሜርሎን ለብቻው ማሸግ ምርጫ ነው፤ ሕግ ያደረገው የኛ ጎልማሳ ነው።

ኮካ ወይን ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይደለም፤ የወይኑንም ጣዕም ይሸፍነዋል፤ እኔ በበኩሌ አላደርገውም። ግን የስፔን ባስኮች ቀይ ወይንና ኮካ ደባልቀው፣ «ካሊሞቾ» የሚል ስም አውጥተውለት በየበዓሉ ይጠጡታል። ያው ድብልቅ በቢልባኦ ወጣት እጅ ሲሆን ባህል፣ በፋርታ ገበሬ እጅ ሲሆን ነውር የሚባልበት ምክንያት አልገባኝም።

«ደረቅ» የምትለዋስ ብትሆን? የወይኑን ስኳር እርሾው ወደ አልኮል ለውጦ ጨርሶታል ለማለት ነው። አማርኛችን ግን የሚያውቀው ደረቅ እንጀራ፣ ደረቅ ሰው፣ ደረቅ ቼክ ነው። «ስኳሩ ያለቀ» ቢባል ምን ነበረበት? የሽማግሌው ጥያቄ የደንብ የቋንቋ ሂስ ነበር፤ ከመካከላችን የመለሰላቸው ግን አልነበረም።

ማታ ስንሸኛኝ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ እኔስ ወይን አውቃለሁ» አሉኝ። «በድቁናዬ ጊዜ ለቅዳሴ ዘቢቡን ዘፍዝፌ የምጨምቀው እኔ ነበርሁ።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጁ ግን የማን ልጅ ነው?» አሉ።