የንጉሡ መሸሸጊያ

ሕፃናትን ቼዝ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለኝ። ‹‹የጥንቱ የጣሊያኖች ካስሊንግ መመለስ አለበት›› እያለ ሲነዘንዘኝ ከረመ። መጀመሪያ ሳቅሁበት፤ በኋላ ግን ነገሩ ከሳቅ ያለፈ ሆኖ አገኘሁት።

ካስሊንግ ንጉሥን መደበቂያ ዘዴ ነው። በዛሬው ደንብ ንጉሡ ወደ ሩኩ ሁለት ቤት ይራመዳል፤ ሩኩም ዘሎት ከጎኑ ይቆማል። ጣሊያኖች ግን እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ድረስ ‹ነፃ ካስሊንግ› ይጫወቱ ነበር። ሁለቱ የሚያርፉበትን ቤት የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው። ንጉሡን እስከ ጥግ ወስዶ፣ ሩኩን ንጉሡ በለቀቀው ቤት ላይ ማቆም ይችላል። በዛሬው ደንብ ይህን አቋም ለመያዝ ሦስት ተራ ይፈጃል፤ በነፃው ግን አንድ ተራ ይበቃል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ዴል ሪዮ፣ ሎሊና ፖንዚያኒ የተባሉት የሞዴና ሊቃውንት ዝነኛ መጻሕፍታቸውን የጻፉት በዚህ ደንብ እየተጫወቱ ነው። የሮማው ዱቧ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ላይ ከሽታይኒትዝ ጋር ሲገጥም ግን የአገሩን ደንብ ትቶ በሌላው መጫወት ግድ ሆነበት፤ ጨዋታውንም ተሸነፈ።

የወዳጄ መከራከሪያ ይህ ነው፦ የዛሬ ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በቃሉ ሸምድዶ ይመጣል፤ ምርጫ ቢበዛለት ግን ማሰብ ይጀምራል። ሕመሙን በትክክል አይቶታል፤ መድኃኒቱን ግን ተሳስቷል ባይ ነኝ። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ክራምኒክም ስለዚሁ ሽምደዳ አማሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረበው ሐሳብ ግን የወዳጄን ተቃራኒ ነው፤ ካስሊንግ ጨርሶ ይቅር አለ። አልፋዜሮ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ያንን ጨዋታ ሞከረው። ለምን ይቅር አለ? ንጉሡ ሲጋለጥ ውጊያው ይሞቃልና።

እኔና ወዳጄ በነፃው ደንብ ብዙ ምሽት ተጫወትን። አንድ ነገር ታዘብሁ። በተለመደው ደንብ ካስሊንግ ካደረግሁ በኋላ ንጉሡን ወደ ጥግ ላስጠጋው? ወይስ ሩኩን ወደ መሐል ላምጣው? እያልሁ እጨነቃለሁ። አንዱን ስይዝ ሌላው ይዘገይብኛል። በነፃው ደንብ ግን ሁለቱንም በአንድ እጅ ዘግኜ ተቀመጥሁ። ምርጫው በዛ፣ ጭንቀቱ ግን ጠፋ። ዋጋ ያልተከፈለበት ደኅንነት ጨዋታን ያቀዘቅዛል።

እንግዲህ ይረሳ ማለቴ ነው? አይደለም። ይህን ያስተማረኝ የራሳችን ሰንጠረዥ ነው። በእርሱ ‹ወረራ› የሚሉት ደንብ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እንደየፍጥነታቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ጨዋታው ባይጽፉ ኖሮ ምን ያህሎቻችን ስለ ወረራ እናውቅ ነበር? ተጽፎ መቀመጡ መልካም ነው፤ ግን እጅ የማይነካው ደንብ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ወረራን ባነብም፣ ተቃዋሚዬ እየቀደመኝ እጄ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚሰማ አላውቅም። ነፃ ካስሊንግን ግን አሁን አውቀዋለሁ፤ እንዲመለስ ባልፈልግም እንኳ በምን ምክንያት እንደማልፈልግ መናገር እችላለሁ።

ስለዚህ ለወዳጄ እንዲህ አልሁት፦ በውድድሩ ደንብ ላይ እጅህን አታንሣ፤ ግን በወር አንድ ምሽት ልጆቹን በጣሊያኖቹ ደንብ አጫውታቸው። በሌላ ምሽት ደግሞ ካስሊንግ ከልክላቸው። የትኛው ይሻላል ብለህ አትንገራቸው፤ ንጉሣቸው ሲከበብ ራሳቸው ይነግሩሃል።

ወዳጄ እሺ አለኝ። ወዲያው ግን ‹‹የወረራውስ ምሽት መቼ ነው?›› ሲል ጠየቀኝ።