ለዓይን 55 ኢንች፣ ለጆሮስ?

ብቸናም ሆነ ሞጣ፣ ዋናው መንገድ ዳር ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አንዱ ጋ ቆም በሉና የገዢና የሻጭን ወግ አድምጡ። ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ "ስንት ኢንች ነው?" ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግድግዳውን ለክቶ የመጣ ሰው ጥያቄ። ቴሌቪዥኑ ተመርጦ ወደ ድምፁ ሲዞር ደግሞ "ስንት ዋት ነው?" ይላል። ሻጩም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ ያሳየዋል። "ለመሆኑ ሰው ሲናገርበት ይሰማል?" ብሎ የጠየቀ ገዢ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የዛሬው ጨዋታዬ ይህቺ ያልተጠየቀች ጥያቄ ናት።

አስቀድሜ ለገዢው ጥብቅና ልቁም። "ቴሌቪዥን ካለ ሌላ ድምፅ ማጉያ ምን ያደርጋል? ታይታ ነው!" የሚሉ አሉ። ታይታ የለበትም አልልም፤ ነገሩ ግን እሱ ብቻ አይደለም። የድሮው ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን ብዙውን ጊዜ ስፒከሩ ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞረ ነበር። የዛሬው ስስ ስክሪን ለስፒከር የሚሆን ሆድ የለውም። ትንንሾቹ ስፒከሮች ከታች ወይም ከጀርባ ተሸጉጠው ድምፁን ለቡፌውና ለግድግዳው ያወሩለታል። ምስሉ እያማረ በሄደ ቁጥር ድምፁ እየኮሰሰ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ሆም ቴአትር ቢያምረው አልፈርድበትም። የምፈርደው በአመራረጡ ላይ ነው።

እንዴት ነው የሚመረጠው? ሻጩ ፍላሽ ይሰካል፤ ዘፈን ይለቃል፤ ዎፈሩ "ዱም! ዱም!" ሲል የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ገዢው ደረቱ ላይ ሲሰማው ራሱን ይነቀንቃል። ተሸጠ! በቅሎ የሚገዛ የጎጃም ገበሬ ጥርሷን አይቶ፣ ኮቴዋን ዳብሶ፣ ዳገትና ቁልቁለት አስኪዶ ነው የሚገዛው። እኛ የስንት ወር ደሞዛችንን የምናፈስበትን ዕቃ በአንድ ዘፈን እንገዛዋለን። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርም ቢሆን ጉድ አለው። አጠገቡ "ፒኤምፒኦ" የሚል ካለበት፣ መሣሪያው ለቅጽበት ሊደርስበት ይችላል የተባለ ጣሪያ እንጂ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት አይደለም። የዘወትር ጉልበቱን የሚናገረው "አርኤምኤስ" የሚባለው ነው። እሱ ከዚያኛው በብዙ ያነሰ ስለሆነ ገበያ ላይ ብዙም አይፎክሩበትም።

ከዚያ ዕቃው ቤት ይገባል። "አምስት ነጥብ አንድ" የሚሉት ዓይነት ከሆነ ሁለት ስፒከር ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ አንድ መሃል፣ አንድ ደግሞ ዎፈር አለው። ለዚያ በተሠራ ፊልም ላይ የሰው ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃለኛው ነው፤ የኋለኞቹ ዝናቡንና ተኩሱን ያመጣሉ። በሁለት መስመር ብቻ የተቀዳ ድራማ ሲመጣ ግን፣ እንደ መሣሪያው አሠራርና አስተካከል፣ መሃለኛው ጭራሽ ዝም ሊል ይችላል። ባለቤቱ የማያውቀው ነገር ቢኖር ከገዛቸው ስድስት ውስጥ ንግግሩን እንዲሸከም የተሠራው ቁጭ ብሎ ማዳመጡን ነው!

ቤታችንም የራሱ ጠባይ አለው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ። ዎፈሩ ቦታ ስለሚጠብ ጥግ ይወሸቃል። ጥግ ደግሞ ወፍራም ድምፅን የሚያገዝፍ ቦታ ነው። ኮርኒሱ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ቆርቆሮው ያጅባል፣ ቡፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ተዋናይት ዓይኗ እንባ አቅርሮ የሆነ ነገር ትላለች። ምን አለች? እንጃ!

እዚህ ላይ የድሮ መምህርነቴ ይመጣብኛልና ታገሡኝ። አማርኛ በጩኸት መሃል የሚተርፍ ቋንቋ አይደለም። "መጣ" እና "መታ" በመሃላቸው ያለው አንዲት የምትፈነዳ "ጣ" ናት። "ከበረ" እና "ቀበረ" የሚለያዩት በጉሮሮ ጠቅታ ነው፤ ድራማ ላይ ግን አንዱ ሠርግ ነው፣ አንዱ ለቅሶ። መጥበቅና መላላቱማ ፊደላችን እንኳ የማይጽፈው፣ ለጆሮ ብቻ የተተወ ሀብት ነው። "ይሰማል" ብዬ ብጽፍ ሰውየው ራሱ ይሰማል ማለቴ ይሁን፣ ነገሩ ለሌላው ይሰማል ማለቴ ይሁን፣ ድምፄን ሳታዳምጡ ለብቻው አትለዩትም። እነዚህ ስስ ልዩነቶች የሚኖሩት በአብዛኛው በቀጭኑ የድምፅ ክልል ነው፤ የምንከፍለው ግን ለወፍራሙ ነው። ዎፈር ተናባቢ አያውቅም።

ነገሩ በዚህ አገር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከብቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስና በብቸናና በሞጣ መሃል ያለው ደብረ ወርቅ የታወቁ የትምህርት ደብሮች ናቸው። ጎጃም ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ቅኔን በጆሮው የተቀበለበት አገር ነው። ሰሙ ከወርቁ የሚለየው አንዳንዴ አንዲት ፊደል ስትጠብቅ ወይ ስትላላ ነው። ለአንዲት ፊደል ሲከራከር የኖረ አገር ልጅ ዛሬ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲያመልጠው ምንም አይመስለውም።

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ልቦለድ ያስቀመጡት እዚያው ዲማ ላይ ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያላነበበው ሕዝብ ግን የሰማው ከወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ነበር፤ "ከመጻሕፍት ዓለም" በተባለው የሬዲዮ ፕሮግራም። ያንን ትረካ ያደረሰው መሣሪያ ምን ነበር? አብዛኛው ሰው ቤት ባለ ድንጋይ ትራንዚስተር፣ መዳፍ የምታክል ስፒከር። ዎፈር የለ፣ የኋላ ስፒከር የለ። ሆኖም ጉዱ ካሳ ሲናገር ጉዱ ካሳ ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ይደነግጥ ነበር። እዚያ ሥራ ላይ ዋናው ዕቃ ቃሉ ነበር፤ የቀረው ሁሉ ቃሉን ተሸካሚ።

ስለዚህ ገዢውን ብቻ ወቅሼ አላልፍም። ከዛሬዎቹ ድራማዎቻችን ብዙዎቹ የገዛ ንግግራቸውን የሚፈሩ ይመስላሉ። ልጅቱ "ታምሜአለሁ" ከማለቷ በፊት ፒያኖው ያለቅሳል፤ ስትናገርም ቫዮሊኑ ይጫናታል። ሙዚቃውን የምንከምረው ቃሉ ብቻውን አያስለቅስም ብለን ከሆነ፣ መታረም ያለበት ጽሑፉ ነው። እንዲህ ተቀድቶ የመጣውን ድራማ እኛ ደግሞ በዎፈር እናጅበዋለን።

ምን ችግር አለው፣ ጨዋታ አይደል? ትሉ ይሆናል። ብቸና ያለው የአክስቴ ልጅም ያለኝ ይህንኑ ነው። "ጋሼ፣ አንተ በሬዲዮ ስላደግህ ነው። ኳስ ሳይ ስታዲየም የገባሁ ሲመስለኝ ደስ ይለኛል፤ ይህም ነውር ነው?" አይደለም። ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ሲበላ የዋለ መምህር ማታ ቤቱን ስታዲየም ቢያደርግ እሰየው። ግን እዚያው ቤት መደብ ላይ አክስቴ አሉ። ዕድሜ የሰውን ጆሮ ሲነካ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ቶሎ አይጠፋም። ልጃቸው "እንዲሰሙ ብዬ ነው የምጨምረው" ይላል። እሳቸውን ግን የሚደርሳቸው ነጎድጓዱ እንጂ ንግግሩ አይደለም። በፊት በፊት "ምን አለች ልጄ?" ይሉ ነበር፤ ባየሁባቸው ሰሞን ግን መጠየቅ ትተው ፈትላቸውን ይፈትላሉ። "ጩኸቱን ሰማሁት፣ ወሬውን ግን ለእናንተ ተውኩት" አሉኝ እየሳቁ። ሳቃቸው አላሳቀኝም። አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከቤቱ ጨዋታ የሚወጣው እንዲህ ነው። በግድግዳው ማዶ ደግሞ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምታጠና የጎረቤት ልጅ አለች፤ ዎፈር ግድግዳ አያግደውም። እሷን ማንም አልጠየቃትም።

ለመግዛት ያሰባችሁ፣ እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። ፍላሽ ላይ ድራማና ዜና ይዛችሁ ሂዱ፤ ዘፈኑን ሻጩ አያጣውም። ድምፁን ዝቅ አስደርጋችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙና የተባለውን ድገሙ። መድገም ካቃታችሁ ዋቱ ሺህ ቢሆን ተዉት። ለጠባብ ሳሎን ከስድስት ርካሽ ስፒከር ሁለት ደህና ስፒከር ይሻላል፤ ከፊት ለፊት፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ። ቴሌቪዥኑ የኤችዲኤምአይ ኤአርሲ ወይም የኦፕቲካል መውጫ እንዳለውና መሣሪያው መቀበሉን አስቀድማችሁ እዩ። ዎፈር ካለ ከጥግ አውጡት፣ መጠኑንም ቀንሱለት። ከስፒከሩ ብዛት በተረፈው ገንዘብ ስታብላይዘር ግዙ፤ የመብራቱን ነገር እኔ አልነግራችሁም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ቤት ውስጥ ጆሮው የደከመ ትልቅ ሰው ካለ ይዛችሁት ሂዱ። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይባል የለ? የእኛ ጆሮ በዎፈር ይሸነገላልና እሳቸው ይምረጡልን። "ሰማሁት" ያሉት ዕለት ሒሳቡን ክፈሉ። ቸር እንሰንብት።