የሸርተቴ ፈለግ ሲመረመር

በፈረንሳይ ምድር፣ በአልፕ ተራሮች መካከል፣ ቁመቱ 3983 ሜትር ከሆነው ከላ ሜዥ ተራራ ፊት ለፊት ላ ግራቭ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ ከ1450 ሜትር ግድም ተነሥቶ እስከ 3200 ሜትር የሚያወጣ የኬብል መንገድ ተዘርግቶባታል እንጂ፣ በታላላቆቹ የሸርተቴ ከተሞች እንደሚታየው በመኪና የተደለደለ ጎዳና ከጥቂት ቦታ በቀር አይገኝባትም። የበረዶ ሸርተቴን ሥራ ለይቶ ማወቅ የሚሻ ሰው ወደዚህች ስፍራ መሄድ የሚገባው ስለዚህ ነው፤ መኪና የደለደለው በረዶ የሠሪውን ጉድለት ሲሸፍንለት፣ ከሰማይ እንደ ወረደ የተቀመጠው በረዶ ግን በላዩ የተሠራውን ሁሉ እንደ ብራና ይዞ ያቆያልና፣ እኔም ፍርዴን የምሰጠው ሰውየው ሲወርድ አይቼ ሳይሆን ካለፈ በኋላ የቀረውን ፈለግ መርምሬ ነው።

ዳሩ ግን ፈለጉን ከማንበብ አስቀድሞ የበረዶውን ባሕርይ ማወቅ ይገባል፤ በአንዱ ቁልቁለት ብቻ ሦስትና አራት ዓይነት በረዶ ይገኛልና። ከላይ፣ ወደ ሰሜን በሚመለከተው ጥላማ ገጽ፣ ብርዱ ቶሎ ስለማይለቅ በረዶው ደረቅ ሆኖ ይሰነብታል፤ ጥቂት ዘግነው ቢጨብጡት ይበተናል፤ ተጣብቆ ከተድቦለቦለ ግን ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። አዲሱና ደረቁ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ እንኳ ላይመዝን ይችላል፤ ነፋስ የነካው ግን ረቂቁ የኮከብ ቅርጹ ተሰባብሮ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ እጅግ ይከብዳል፣ ገጹም ይደበዝዛል። ፀሓይ የምታገኘው ጎን ቀን ቀልጦ ሌሊት ይጋገራል፤ በጸደይ ወራት ረፋድ ላይ ይህ ግግር ከላዩ ሁለት ጣት ያህል ሲለሰልስ ከሁሉ የሚወደድ በረዶ ይሆናል፣ ጥቂት ቢዘገዩበት ግን ወደ ጭቃነት ይለወጣል። ብዙዎች ጥልቁንና ደረቁን በረዶ ብቻ ያወድሳሉ፤ እኔ ግን እርሱ ስሕተትን አብዝቶ ይቅር የሚል ስለሆነ ለፈተና አልመርጠውም።

አሁን ከታች ቆመን ሽቅብ እንመልከት። የብልህ ሰው ፈለግ መታጠፊያው ሲጀምር ቀጭን ሆኖ፣ በመካከሉ እየጠለቀ ሄዶ፣ ሲጨርስ እንደገና ይሳሳል፤ የሁለቱ ሸርተቴዎች መስመርም ጥልቀቱ የተካከለ ነው። ከመታጠፊያው በታች የበረዶ ክምር ከተገፋ፣ ሠሪው ፍጥነቱን በመታጠፊያው ቅርጽ መግዛት አቅቶት በድንጋጤ ፍሬን ይዟል። የዘንጉ ቀዳዳ በየመታጠፊያው መግቢያ ክብና ጥርት ያለ መሆን ይገባዋል፤ እየተጎተተ ረዥም ጭረት ከተወ እጁ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከዚህም ሁሉ አብልጬ የማከብረው፣ በረዶው ከደረቅ ወደ ነፋስ የነካው በሚለወጥበት ወሰን ላይ አኳኋኑን አስቀድሞ የለወጠውን ነው፤ ወሰኑን ተሻግሮ ከተንገዳገደ በኋላ የታረመ ሰው ፈለግ ሁለትና ሦስት ስብራት ያሳያልና ወዲያው ይታወቃል።

የበረዶ ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ዳገት ስለሆነ፣ ነፋስ በረዶ ባከማቸበት እንዲህ ባለ ገጽ ላይ የተሣለው ፈለግ የቱንም ያህል ቢያምር መዓርግ አልሰጠውም፤ ሸንተረሩን ይዞ ዙሪያ ጥምጥም የሄደውን አስበልጣለሁ። ስፍራይቱ ለሊቃውንትም አትራራም፤ በዚህ ጥበብ በዓለም የታወቀው አሜሪካዊ ዳግ ኩምብስ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. የወደቀ ባልንጀራውን ለመርዳት ሲል በዚያው ከገደል ወድቆ ሞቷል።

ፍርዱን ለመጨረስ ወደ ታች፣ ወደ ዛፎቹ መካከል መውረድ ያስፈልጋል፤ በረዶው የሚከብደውና ጉልበት የሚዝለው በዚያ ነውና። ከላይ ያማረ ፈለግ ጥሎ እዚህ ሲደርስ ተረከዙ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ የሸርተቴው ኋላ ጠልቆ ፊቱ ሳስቶ ይታያል፤ ከላይ የሰጠሁትን መዓርግ የምቀንሰውም ከዚህ ፈለግ የተነሣ ነው።