የፓሪስ ኦሎምፒክ የመክፈቻ በዓልና የተመልካቾቹ ፍርድ

ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር ጁላይ 26 ቀን 2024) በፓሪስ የተከፈተው የኦሎምፒክ በዓል ከቀደሙት የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለው። ይኸውም ስፖርተኞቹ በስታዲዮም ውስጥ በእግር በመሰለፍ ፈንታ በጀልባ ተሳፍረው በሴን ወንዝ ላይ 6 ኪሎሜትር ያህል መጓዛቸው ነው። የበዓሉ አዘጋጅ፣ ፈረንሳዊው የቴአትር ሰው ቶማ ዦሊ፣ ወንዙንና ድልድዮቹን፣ በዳርቻው ያሉትንም ታላላቅ ሕንጻዎች መድረክ አደረጋቸው። ስለ ትርኢቱ ውበት ብዙ ተብሏል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ በአንድ ሌሊት አንድ ትርኢት ያየ ሕዝብ ስለ ምን የማይገናኝ ፍርድ ሰጠ? ይህንንስ ልዩነት የባህል ተመራማሪ እንዴት ሊመለከተው ይገባል?

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ተመልካቾቹ ያዩት ነገር በእርግጥ አንድ አለመሆኑ ነው። በወንዙ ዳር ዝናብ እየወረደበት የቆመው ሰው በዐይኑ ያየው በፊቱ የሚያልፈውን ብቻ ነበር። በቤቱ በቴሌቪዥን የተመለከተው ግን ሌሎች መርጠው ያቀረቡለትን አየ። እንዲያውም በ2012 (እ.አ.አ.) በለንደኑ በዓል ጊዜ አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ለሙታን መታሰቢያ የቀረበውን መዝሙርና ጭፈራ አስቀርቶ በምትኩ ከዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ አሳይቷል። እንግዲህ «ተመልካቹ እንዲህ አለ» ከማለት በፊት «የትኛው ተመልካች? ከወዴት ሆኖ? ምንስ አይቶ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን ከዐይን ሳይሆን ከትዝታ የሚመጣው ነው። ለዚህ ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የዘፋኟ የአያ ናካሙራ ትርኢት ነው። በማሊ ተወልዳ በፈረንሳይ ያደገችው ይህች ዘፋኝ ከበዓሉ በፊት፣ የዘፈኗ ቋንቋ የፈረንሳይኛን ክብር ይነካል የሚሉ ሰዎች ብርቱ ተቃውሞ አንሥተውባት ነበር። ዦሊ የፈረንሳይኛ ቋንቋ አካዳሚ ከሚገኝበት ከአንስቲቲዩ ሕንጻ ወጥታ ከሪፐብሊኩ ክብር ዘብ ሙዚቀኞች ጋር እንድትዘፍን አደረገ። የክርክሩን ታሪክ የሚያውቀው ፈረንሳዊ፣ የወደደውም የጠላውም፣ ነገሩ ወዲያው ገባው። በሩቅ አገር ያለው ተመልካች ግን ያየው መልካም ዘፈንና ከወታደሮች ጋር የሚደረግ ጭፈራ ብቻ ነው። በቅኔ ቤት ቋንቋ ብንናገር ሰሙን ተቀበለ፣ ወርቁ ግን አልደረሰውም።

ሁለተኛው ምሳሌ የዚህ ተቃራኒ ነው። በደቢዪ የእግረኞች ድልድይ ላይ ልብሳቸውና ጌጣቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሰዎች እንደ ረዥም ገበታ በሆነ መድረክ ኋላ ተደርድረው ቆሙ፤ በመካከላቸው የብርሃን አክሊል የመሰለ ጌጥ በራሷ ላይ ያደረገች ሴት ነበረች። ኋላም ፊሊፕ ካተሪን የተባለው ዘፋኝ መላ አካሉን ሰማያዊ ተቀብቶ የግሪኮች የወይን አምላክ ዲዮኒሶስ ሆኖ ቀረበ። ብዙ ክርስቲያኖች በዚህ ውስጥ ያዩት ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ የሣለውን የጌታን እራት ነው። የፈረንሳይ ጳጳሳት ጉባኤ በማግስቱ ባወጣው ቃል የበዓሉን ውበት አመስግኖ በክርስትና ላይ የተደረገውን ፌዝ ግን ነቀፈ። የግብፁ አል አዝሃርም እንደዚሁ ተቃወመ። ዦሊ ሐሳቡ የኦሊምፖስ አማልክት ግብዣ እንደ ነበረ ተናገረ፤ የበዓሉ ኮሚቴ ቃል አቀባይም ማንንም ለመናቅ እንዳልታሰበ ገልጻ ቅር ለተሰኙት ይቅርታ ጠየቀች።

ከዚህ በኋላ ሁለት የችኮላ ፍርዶች ተሰሙ። አንዱ ወገን «ቅር የተሰኘው ሰው ሥነ ጥበብ የማያውቅ ነው» አለ፤ በዲዦን ከተማ ሙዚየም የሚገኘውን፣ ያን ቫን ቤይለርት የሣለውን የአማልክት ግብዣም ማስረጃ አድርጎ ጠቀሰ። ሌላው ወገን «አዘጋጁ ሐሰት ተናግሯል» አለ። ለእኔ ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስሉኛል። የሌዎናርዶ ሥዕል ቅጂ በእኛም አገር በብዙ ክርስቲያን ቤት ግድግዳ ላይ ይታያል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን ሲያይ ያደገ ሰው በገበታ ኋላ የተሰለፉ ሰዎችንና በመካከል ያለውን አክሊል ባየ ጊዜ የጌታን እራት ቢያስታውስ ዐይኑ አልዋሸውም። ነገር ግን መምሰልና መሳለቅ አንድ አይደሉም፤ ከመምሰሉ ተነሥቶ የአዘጋጁን ልብ ዐውቄአለሁ ማለት ከማስረጃ ማለፍ ነው። በአንጻሩም የአዘጋጁ ሐሳብ የሥራውን ምንጭ ይነግረናል እንጂ በተመልካቹ ዘንድ ያገኘውን ትርጓሜ አይሽረውም።

በቅኔ ቤት ተቀኚውና ሰሚው አንድ መጽሐፍ ያውቃሉ፤ ምስጢሩ ቢጠፋም መምህሩ ያቃናል። ዓለም በሙሉ በሚመለከተው በዓል ግን የጋራ መጽሐፍ የለም፤ የሚያቃናም መምህር የለም። ስለዚህ ዓለምን የጠራ ደጋሽ የእንግዳውን ትዝታ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። የዦሊ ሥራ ጉድለትም በዚህ ላይ ይታያል፤ ለአገሩ ሰው በብልሃት ተናገረ፣ ለእንግዳው ግን በቂ ምልክት አልሰጠም። ይህ ጉድለት ግን ኋላ ለደረሰው ነገር ሰበብ ሊሆን አይችልም፤ ዦሊና ሌሎች ተካፋዮች የሞት ዛቻ ደርሶባቸው ለፍርድ ባለሥልጣኖች አቤት ብለዋልና። ነቀፋ ፍርድ ነው፤ ዛቻ ግን ፍርድ አይባልም።

የበዓሉ ኮሚቴ፣ ከፈረንሳውያን 86 ከመቶ የሚሆኑት በዓሉ ተሳካ ማለታቸውን የሚያሳይ የአስተያየት ጥናት ጠቅሷል። ቍጥሩ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የተጠየቀው የደጋሹ ቤተ ሰብ ነው። ጳጳሳቱ በአንድ ጽሑፍ እንዳመሰገኑና እንደ ነቀፉ፣ አንድ ተመልካችም አንዱን ክፍል ወዶ ሌላውን ሊጠላ ይችላል። ስለዚህ የተመልካችን አስተያየት የሚሰበስብ ተማሪ «ወደድህን?» ብሎ ብቻ አይለፍ። «ምን አየህ? ምንስ አስታወሰህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የትርኢቱን እያንዳንዱን ክፍልም ለየብቻው ይመዝግብ። የሕዝቦች ልዩነት የሚገለጸው በምስጋናው ወይም በነቀፋው ብዛት ሳይሆን ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ነው።